መሬቱ የመለሰው ታንከር

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለኸይረዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ጥር ላይ ስትመጣ ስታነክስ አይቼሃለሁና «ተሻለኝ» ብትለኝም ቶሎ አላምንህም። አሁንም በዚያ ሐሩር ኤሲ ተሸክመህ ጣሪያ ለጣሪያ ትወጣለህ ወይስ ትንሽ ቀለል አደረጉልህ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ አብረውህ የሚኖሩት የሐርቡና የባቲ ልጆች ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ክረምቱ ጠግቦ ዘንቦ ወጥቷል፤ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፤ ቡሬዋ ላም ወልዳለች። የአባባ ጉልበት እንደ ልማዱ ብርዱ ሲገባ ይቆረጥማቸዋል፤ ከመስጊድ ግን አላስቀራቸውም።

በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ሸህ አብዱልጀሊል ለዑምራ ሲመጡ ጅዳ ላይ ሊያገኙህ ነው። እማዬ በሶውንና ቋንጣውን ስታስር እኔ ወረቀት አወጣሁ። ስልኩ ላይ ነገር ስጀምርልህ ወይ ኔትወርኩ ይቆርጠኛል ወይ አንተ ትቆርጠኛለህ። ወረቀት ግን ጀምረህ እስክትጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል።

ልነግርህ የፈለግሁት የነሐሴውን ነገር ነው። ያን ጊዜ ደውዬ ሳማክርህ «ዓፊያ፣ ዝም በይ፤ ሌላው ይሸከመው» ብለኸኝ ነበር። ዝም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ አንተም አልጠየቅኸኝ፣ እኔም አልነገርኩህ፤ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ብቻ እያወራን ሦስት ወር አለፈ። በመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ እንዲያረጅ አልወድምና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ጥር ላይ ያየኸው፣ ከመንደራችን በታች ከጤና ኬላው አጠገብ የሚሠራው ቤት፣ የእናቶች ማቆያና ማዋለጃ ነው። ቀናቸው የገፋ ሴቶች ከየቀበሌው መጥተው እስኪወልዱ የሚያርፉበት፣ ስምንት አልጋና አንድ ማዋለጃ ክፍል ያለው። አንተ ስታየው ግድግዳው ብቻ ነበር የቆመው። የግድግዳውንና የምሰሶውን ፕላን ያወጣው ሌላ ባለሙያ ነው። በግድግዳው ውስጥና ከወለሉ ሥር የሚያልፈው ነገር፣ ማለትም ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መብራቱና አየሩ፣ የእኔ ሥራ ነበር። ቢሮው እንዲህ ያለ ሥራ ሙሉ በሙሉ ለእኔ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ቀን በሩ ላይ ቆመህ «ስንት ኤሲ ታስገቢበታለሽ?» ስትለኝ «አንድም» ብዬህ እንዴት እንደሳቅህብኝ ታስታውሳለህ። «በዚህ በጨፋ ሙቀት ነፍሰ ጡር ያለ ኤሲ ልታስተኚ ነው?» አልከኝ። አንተ ሙያህ ስለሆነ አልፈርድብህም። ግን መብራት እዚህ ሲፈልግ የሚመጣ እንግዳ ነው። መብራቱ ሲሄድ ኤሲ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ነው። ስለዚህ ቤቱ ራሱ እንዲተነፍስ ነው የተደረገው። ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ደቡብ ዞረ፤ የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ ጠባቡን ጎን ብቻ ያገኛል። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ተጨምሮበት ከተጠቀጠቀ ከዚያው አፈር ነው። ቆርቆሮው ሁለት ድርብ ሆኖ በመሐሉ ነፋስ ይመላለሳል፤ ሙቁ አየር እንደ ጭስ ወደ ላይ ሲሄድ የሚወጣበት ቀዳዳም ከጣሪያው ሥር አለው። ዝናቡ ከጣሪያው ወደ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ሶላሩ መብራቱን፣ የክትባቱን ፍሪጅና የሙቅ ውሃውን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ኮርቼ ነበር። ጓደኞቼን እየወሰድኩ አሳይ ነበር። ዓይኔ በሙሉ ጣሪያው ላይ ነበርና ከእግሬ ሥር ያለውን ሳላይ ቀረሁ።

ነገሩ የተጀመረው አምና ሳይሆን ካቻምና፣ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ግንቦት ነው። ፍሳሹ የሚሄድበትን ቦታ ለመምረጥ ሦስት ሜትር የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። አፈሩ እንደ አመድ የደረቀ ነበር፤ ጥቁሩ መሬትም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። የጎረቤቱ ባለ መሬት አያ ሙሄ ዱላቸውን ይዘው መጡና ከአፋፉ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። ታውቃቸዋለህ፤ ለንግግር አይቸኩሉም። «ለፍቲ ኩን ቢሻን ቀባ» አሉኝ፤ ይህ መሬት ውሃ አለበት። እኔም ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር በእጄ አፍሼ አሳየኋቸው። «አያ ሙሄ፣ እንኳን ውሃ ርጥበትስ ያዩበታል?» አልኳቸው። አፈሩን ከእጄ ተቀብለው በጣቶቻቸው መሐል አፈሰሱት። «በግንቦትማ ማን አለ አለሽ፣ ልጄ? በነሐሴ ነይ» አሉኝ።

እኔ ግን ነሐሴን የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ፕላኑ በሰኔ መጨረሻ ይፈለጋል። ሪፖርቴ ላይ «በሦስት ሜትር ጥልቀት ውሃ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አልጻፍኩም። የግንቦትን እውነት ለዓመቱ ሁሉ አድርጌ ነው የጻፍኩት። በዚያ ላይ ተመሥርቼ ፍሳሹ መጀመሪያ መሬት ውስጥ በሚቀበር የፕላስቲክ ታንከር እንዲያርፍ፣ ከዚያም የተጣራው ውሃ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ገብቶ በአፈሩ ውስጥ እንዲሰርግ አደረግሁ። ከማስረጊያው ጉድጓድ በታች፣ ቁልቁል ስትወርድ፣ የአያ ሙሄ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አለ። በወረቀት ላይ ርቀቱ በቂ ነበር። ግን በቂ የሚሆነው መሬቱ ደረቅ ከሆነ ነው።

ቤቱ አለቀ፤ ታንከሩ በሰኔ በውሃ ተሞልቶ ተቀበረ፤ ምረቃው ለመስከረም ተቀጠረ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲስተር ረቢአ ደወለችልኝ። የጤና ኬላው አዋላጅ ነች፤ ቤቱንም የምትረከበው እሷ ነች። «ኢንጂነር ዓፊያ፣ ያ ማስረጊያ ያላችሁት ጉድጓድ ሞልቷል። እኔ የምለው፣ ቤቱ ገና አንድ ሰው አልገባበትም፤ ይህ ውሃ ከየት መጣ?» አለችኝ። ወረድኩ። ከአፉ አንድ ክንድ እስኪቀረው ድረስ ሞልቷል፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። የመጣው ከላይ አልነበረም፤ ከታች ነው። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ከሥሩ ይሞላል፤ አያ ሙሄ ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

ረቢአ አጠገቤ ቆማ ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለችኝ፦ «ውሃ ከመሬቱ ወደ ጉድጓዱ መግባት ከቻለ፣ ከጉድጓዱም ወደ መሬቱ መሄድ ይችላላ?» ይህን ስትል ዓይኗን ቁልቁል ወደ አያ ሙሄ ጉድጓድ ላከች። ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አምስት ዓመት ተምሬ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። «ላስብበት» ብያት ተመለስኩ።

የተቋራጩ ኢንጂነር ሙስዐብ ይባላል፤ የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ሥራ ወዳድ፣ ግን ችኩል። የምረቃው ቀን ስለደረሰበት ጉድጓዱን አስመጥጦ በክዳን ሊዘጋው አሰበ። እኔን ሳይጠይቅ ፓምፕ አምጥቶ ማስረጊያውንም፣ አጠገቡ ያለውንም ታንከር ባዶ አደረጋቸው። በማግስቱ ጠዋት ረቢአ እንደገና ደወለች። «ቶሎ ነይ፤ ታንከሩ ከመሬት እየወጣ ነው» አለችኝ። የተናገረችው አልገባኝም ነበር።

በባጃጅ ደረስኩ። የቀበርነው ታንከር አፈሩን ገምሶ፣ አዲሱን የሲሚንቶ መንገድ ሰንጥቆ፣ እንደ ሞተ በሬ ሆድ ተነፍቶ ግማሹ ውጭ ቆሟል። ከሽንት ቤቱ የሚመጣው ቧንቧ ከአንገቱ ተሰብሯል። ባዶ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ደፍቀህ ብትለቀው ዘሎ እንደሚወጣ ነው የሆነው። ታንከሩ ሙሉ እያለ ክብደቱ ይዞት ነበር፤ ባዶ ሲሆን የከርሰ ምድሩ ውሃ ተሸክሞ አወጣው። ይህን ተማሪ ሳለሁ በፈተና ላይ ሠርቼ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ሒሳብ ነው። ፕላኔ ላይ ግን ታንከሩን በኮንክሪት እንዲያስሩት አላዘዝኩም፤ ደረቅ መሬት ነው ብያለሁና።

ሰው ተሰብስቧል። ሙስዐብ ሲያየኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ በፕላኑ መሠረት ነው የሠራሁት፤ አንዲት ሳንቲ አልጎደለም!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቀው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እናጣራለን» የሚል የቢሮ ቃል ነው። አያ ሙሄ ከሰዎቹ ኋላ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። «መሬቱ መለሰው» አሉ ለብቻቸው፤ ወደ እኔም አላዩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ አብዱልጀባር ደብዳቤ አርቅቆ ጠበቀኝ። ሥራ አስኪያጃችን እሱ ነው፤ ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው። ደብዳቤው «ተቋራጩ ያለ ፈቃድ ታንከሩን በማስመጠጡ የደረሰ ጉዳት» ይላል፤ ከሥሩ ለእኔ ፊርማ ቦታ ተትቷል። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሙስዐብ ሳይጠይቅ አስመጥጧል፤ ባያስመጥጠው ታንከሩ አይወጣም ነበር። ብፈርም ጉዳዩ የሙስዐብ ሆኖ ይቀራል። «ነገ ልፈርም» ብዬ ወጣሁ። ለአንተ የደወልኩት በዚያን ቀን ነው። አንተም ያልከኝን አልከኝ። ሁለት ቀን ሳልፈርምም ሳልጽፍም አሳለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ጁሙዓ ስለነበር ወደ ቤት ወረድኩ። ባለቤትህ ከውሰር ሰባት ወሯን ይዛ፣ ሆዷ ፊት ፊቷን እየሄደ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ገና ሳልቀመጥ ውሃ በኩባያ ሰጠችኝ። ጠምቶኝ ስለነበር ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላ «ቦኖው መጣ እንዴ?» አልኳት። «ኧረ የት! ከማክሰኞ ጀምሮ ከአያ ሙሄ ጉድጓድ ነው የምንቀዳው። ውሃው እንዴት ጣፋጭ ነው!» አለችኝ። ኩባያውን እንደያዝኩ ቆየሁ። «ምነው?» አለችኝ፤ «ምንም» አልኳት። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ብዙ ነገር ጆሮዬ አልገባም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የሙከራ ጉድጓዱን በደረቅ ወቅት ብቻ ማስቆፈሬን፣ ነዋሪው ነግሮኝ አለመመዝገቤን፣ ታንከሩ እንዲታሰር አለማዘዜን፣ ማስረጊያው በክረምት ለመጠጥ ውሃው አደጋ መሆኑን ጻፍኩ። የሙስዐብንም ጥፋት በአንድ መስመር ጻፍኩ። አብዱልጀባር አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ተቋራጩም እኮ አጥፍቷል» አለኝ።

«አጥፍቷል። እሱ ባያጠፋ ኖሮ ግን ጉድጓዱን ዘግተን እንመርቀው ነበር። ሴቶቹ ይገባሉ፤ ፍሳሹም ወደ መጠጥ ውሃው ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም ነበር» አልኩት።

«ይህ ወረቀት ከወጣ ፊርማሽ ለጊዜው ይታገዳል። እኔ ላግድሽ እገደዳለሁ።»

«አውቃለሁ።»

አብዱልጀባር የራሱን ረቂቅ ከጠረጴዛው አንሥቶ ለሁለት ቀደደው። «እኔም ሪፖርትሽን ሳላመሳክር ነው ያሳለፍኩት። የኔንም ስም ጨምሪበት» አለኝ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ደግነቱ ግን ከዕገዳው አላስቀረኝም፤ ለአንድ ዓመት ፕላን መፈረም ተከልክያለሁ። እሠራለሁ፤ አንድ የደሴ አንጋፋ ኢንጂነር እያየ በእኔ ፈንታ ይፈርማል። ሰውየው ቀይ እስክሪብቶ ይወዳል። መጀመሪያ ሰሞን ወረቀቶቼ ሲመለሱልኝ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ አሁን ለምጄዋለሁ፤ ደግሞም ሰውየው ልክ ነው።

ምረቃው ተላለፈ። አንዳንድ ሰው «ሴት ልጅ ኢንጂነር ስትሆን እንዲህ ነው» ማለቱን ሰምቻለሁ። እማዬም ሰምታለች፤ ገበያ ላይ ለአንዷ ምን ብላ እንደመለሰችላት ሸህ አብዱልጀሊል ይንገሩህ፤ እኔ በወረቀት አላሰፍረውም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። ማስረጊያውን በአፈር ደፈንነው። ፍሳሹን መሬት ውስጥ ማስረግ ካልተቻለ ከመሬት በላይ ማጣራት ነው ያለው። ስለዚህ ወገብ የሚደርስ፣ ከሥሩ ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈ፣ ጠጠር የተሞላ ሰፊ መደብ ሠራን። በጠጠሩ ላይ ፊላ ተተከለ፤ ያ ረግረግ ላይ የሚበቅለው፣ ቤት የምንከድንበት። ፍሳሹ ከታንከሩ በትንሽ ፓምፕ ወደ መደቡ ይወጣል፤ በጠጠሩና በፊላው ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይጣራል፤ የተረፈው ከአያ ሙሄ ጉድጓድ በተቃራኒ ወዳለው የዛፍ ችግኝ ይሄዳል። ፓምፑ አዲስ ጭነት ስለሆነ ሶላሩ እንዳይደክም ቀትር አካባቢ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት። ይህን ሁሉ ያ ባለ ቀይ እስክሪብቶ ሰውዬ ሦስት ጊዜ መልሶልኝ በአራተኛው ነው የፈረመው።

አያ ሙሄ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አባባን ይዤ ልሄድ ነበር፤ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፤ አንቺ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። አያ ሙሄ አስቀምጠውኝ እርጎ አስመጡልኝ። «ነግሬሽ አልሰማሽም፤ አሁን ሰምተሻል። አበቃ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ፊላው ጠየቁኝና የትኛው ቶሎ ሥር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሞት ሲያስረዱኝ አመሹ። በሚቀጥለው ቀን የመንደሩን ሰው ለደቦ ጠርተው ከቦርከና ዳር ጠጠሩን በአህያ አስጫኑ፤ ፊላውንም ራሳቸው መርጠው አስነቀሉ።

ሙስዐብ ያን ሰሞን ሰላምታዬን እንኳ አይመልስም ነበር። ታንከሩን እንደገና የምንቀብርበት ዕለት ግን ማንም ሳይጠራው ከነሠራተኞቹ መጣ። ኮንክሪቱ ሲፈስስ አጠገቤ ቆሞ «እኔ ብሆን አልጽፈውም ነበር» አለኝ። ቆየት ብሎም «ሳልጠይቅሽ ማስመጠጤም ልክ አልነበረም» አለና ማሰሪያውን ብረት ሊያጠብቅ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ነገር ይደውልልኛል፤ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይደውላል።

ቤቱ ጥቅምት ሰባት ቀን ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ተከፈተ። የእኛይቱ ከውሰር ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ገባች። መውለዷን በዚያው ቀን በስልክ ሰምተሃል፤ ስታለቅስም ሰምተንሃል። በስልክ ያልነገርንህን ግን ልንገርህ። ምጧ ጠዋት ጀመረ። ረፋዱ ላይ ዋናው መብራት ጠፋ፤ ከሚሴም ጨፋም ሙሉ በሙሉ። ማዋለጃው ውስጥ ማንም አላወቀም። ሶላሩ መብራቱን እንደያዘ ቀጠለ፤ ሙቁ ውሃም አልተቋረጠም። ረቢአ በኋላ ወጥታ ኬላው መብራት አጥቶ ስታገኘው ነው የገባት። ልጅቷ ከዙህር በኋላ ተወለደች። ውጭው ሠላሳ አንድ ዲግሪ ሲሆን የከውሰር ክፍል ሃያ አምስት ነበር፤ እኔው በቴርሞሜትር ለካሁት። ከውሰርን ስጠይቃት «እኔ ዲግሪ አላውቅም፤ ከወለድኩ በኋላ ግን ላብ ሳይረብሸኝ ተኛሁ» አለችኝ።

ሁሉም ተሟላ እንዳልልህ። ከጣሪያው ሥር ያለው የአየር መውጫ ወንፊት አልተደረገበትምና ወፎች ገብተው ጎጆ ሠርተዋል፤ በዚህ ሳምንት ልናስወጣቸው ነው። የግንቦቱን ሙቀትም ገና አላየነውም። ስለ ግንቦት የምናገረው ግንቦት ሲመጣ ነው።

ወንድምዓለም፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ። «ዝም በይ» ስትለኝ ተቀይሜህ ነበር። ወንድሜ እንዴት ሰው ላይ ላክኪ ይለኛል ብዬ ከፋኝ። በኋላ ግን ጥር ላይ ያጫወትከን ነገር ትዝ አለኝ፤ አብሮህ ይሠራ ስለነበረው ልጅ። ሽቦ አሳስቶ ማያያዙን ማንም ሳያውቅበት ራሱ ሄዶ ተናግሮ፣ በሳምንቱ ዕቃውን እንኳ ሳይሸክፍ ወደ አገሩ እንደተሸኘ። ያን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ እጅህ ግን የሻይ ብርጭቆውን ለቅቆ አያውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ባለ ቦታ የኖረ ሰው እህቱን ሌላ ምን ብሎ ሊመክራት ኖሯል? ፈርተህልኝ ነው እንጂ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቅያሜዬም ወጥቶልኛል።

እኔ ግን ተሳስቼ፣ ተሳሳትኩ ብዬ፣ እዚሁ አለሁ። ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፤ ወረቀቴ በቀይ ተሞልቶ ይመለስልኛል፤ አርሜ እልከዋለሁ። መንደር ስወርድ ሰው ሰላም ይለኛል። አንተም እዚያ የተሳሳትከው፣ ለማንም ሳትነግር በሆድህ ይዘኸው የምትዞር ነገር ቢኖር ለእኔ ጻፍልኝ። እኔ አላባርርህም።

አባባ ዱዓቸው ከአንተ ጋር ነው፤ «ወገቡን ይጠብቅ፤ ሶላቱን አይተው» ብለውሃል። እማዬ በሶውን ለብቻህ እንዳትበላው፣ ለባቲዎቹም እንድታካፍል አደራ ትላለች። ከውሰር ሰላም ብላሃለች፤ የምትልህን ሌላውን ራሷ በስልክ ትነግርሃለች፤ እኔ አልጽፈውም። አያ ሙሄ «አካም ጂርታ?»፣ እንዴት ነህ፣ በይልኝ ብለዋል። ሲስተር ረቢአም «አባትየው መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ትጠይቃለች። ልጅህ ጀነት እጇን ቀለም ነክረን ከዚህ በታች አሳርፈንልሃል፤ መሐል ላይ የተበላሸው እጇን ስለጨበጠችው ነው።

እህትህ ዓፊያ
ከሚሴ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.